በርን መጠገን፣ ቁልፍን ማክበር

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የበርና የመስኮት ጥገና ቡድን ያቀረበው ንግግር፤ ሸሕዲ



ባለፈው ጉባኤ ስለ ቁጠባውና ስለ ዶሮ እርባታው ሲወራ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እነዚያ መዶሻ ይዘው ሰው ቤት የሚዞሩት ልጆች ግን ምንድን ነው ሥራቸው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል። የመልሱ ግማሽ ስለ ሥራው ነው። ግማሹ ደግሞ ስለሠራነው ጥፋት ነው፤ እሱንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም።

ሥራችን የማይቆልፍ ቁልፍ፣ የወለቀ እጀታና የጠመመ ማጠፊያ መጠገን ነው። በከተማችን በር ማለት በአብዛኛው የላሜራ በር ነው። በጭቃ ቤቶቻችን ደግሞ የእንጨት መቃን ላይ የተሰካ የቆርቆሮ በር አለ። አሁን አሁን በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የአልሙኒየም በርና መስኮት እያየን ነው። ባለ ድርብ መስታወቱ ገና ብርቅ ነው። ቢሆንም ከመካከላችን አንዷ ዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር ለዓመታት ስትወለውለው የኖረችው እሱን ነው፤ ጠጋኙ ሲመጣ አጠገቡ ቆማ አይታለች። የምታውቀውን አስተምራናለች።

መቼም በር የሚበላሸው በሌባ ብቻ አይደለም። የእኛ አገር በር ጠላቱ ብዙ ነው። አንደኛው ፀሐይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ብረት ይለጠጣል። 2 ሜትር ቁመት ያለው የብረት በር በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ሦስት ሩብ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የቁልፉ ምላስና የመቃኑ ቀዳዳ እንዳይገናኙ ለማድረግ ትበቃለች። አልሙኒየም ሲሆን የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ የፕላስቲክ መስኮት ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ጠዋት እሺ ብሎ የሚቆለፍ በር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እምቢ ቢላችሁ ቁልፉን አትርገሙት። ችግሩ ክፍተት ማነሱ ነው።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ በሚወቃበት ሰሞን የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ክረምቱ ነው፤ እንጨቱን ያሳብጣል፣ ብረቱን ያዝጋል። አራተኛው ምስጥ ነው። መቃኑን ከውስጥ ይበላውና ብሎኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። አምስተኛውን ስንናገር አትቀየሙን፤ አምስተኛው እኛው ነን። ዘንቢሉን፣ ነጠላውን፣ የልጁን ቦርሳ እጀታው ላይ እናንጠለጥላለን። ልጆች በሩ ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ እያየን እናልፋለን።

አሁን ቤታችሁ ሄዳችሁ የምትሞክሩትን እንንገራችሁ። ለዚህ እኛን መጥራት አያስፈልጋችሁም።

ቁልፍ አልቆልፍ ሲላችሁ መጀመሪያ በሩን ክፈቱት። በሩ ተከፍቶ እያለ ቁልፉን አዙሩት። ምላሱ ያለ ችግር ከወጣና ከገባ ቁልፉ ጤነኛ ነው። የታመመው ማጠፊያው ነው፤ በሩ ወርዷል ማለት ነው። በሩ ተከፍቶም ቁልፉ ካልዞረ ግን ችግሩ ያለው ቁልፍ ቤቱ ውስጥ ነው። ይህን ሳያውቁ አዲስ ቁልፍ ገዝተው ያስገጠሙ፣ አዲሱም እምቢ ያላቸው ብዙ ሰዎች አጋጥመውናል። ገንዘቡ የወጣው በከንቱ ነው።

ማጠፊያ መሆኑን ለማረጋገጥ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከፍ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል። በላሜራ በር ላይ ማጠፊያው ወንዴና ሴቴ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። በሩን አንስቶ በመካከላቸው አንድ ሮንዴላ ማስገባትና ግራሶ መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሩ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ይልና ምላሱ ቀዳዳውን ያገኛል። መቃኑ የእንጨት ሆኖ ብሎኑ ከላላ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ በኮላ የተነከረ የእንጨት ሽብልቅ አስገብቶ፣ ሲደርቅ ብሎኑን እንደገና ማሰር ነው። ሚስማር አትምቱበት። ሚስማር የሚይዘው ለሳምንት ነው፣ ከዚያ ጎትቶት ይወጣል። ብየዳ የሚፈልገውን ለበያጁ እንተዋለን። በማናውቀው አንገባም።

ቁልፉ ውስጥ አቧራ ከገባ፣ እባካችሁ፣ የወጥ ቤት ዘይት አትጨምሩ። በተለይ የሰሊጥ ዘይት። በአገራችን የሞላው እሱ ነውና እጃችን ቶሎ ወደ እሱ ይሄዳል። ለጥቂት ቀን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ አየርና ሙቀት ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራውንም ይዞ ያስቀራል። ጓጉንቸር ከሆነ ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድራችሁ፣ አራግፋችሁ፣ በደንብ አድርቁት። ከእሳት ግን አርቁት። የበር ቁልፍ ከሆነ የእርሳስ ዱቄት በቂ ነው። የልጃችሁን እርሳስ በምላጭ ፋቁና ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቁልፍ ቤቱ ውስጥ በትንንሽ ምንጭ ብረቶች የሚገፉ ጥቃቅን ዘንጎች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል መስመር ላይ ይቆማሉ፣ ያን ጊዜ ይዞራል። አንዷ ዘንግ በአቧራ ከተያዘች ሁሉም ይቆማል። ይህ አሠራር የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ግብፆች ከእንጨት የተሠራ፣ በሚወድቁ ዘንጎች የሚቆለፍ ቁልፍ ነበራቸው። ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1860ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በትንሽ የብረት ቁልፍ የሚሠራውን ያወጣው።

ቁልፍ ቤቱን መቀየር ከባድ አይደለም። በበሩ ጠርዝ ላይ በምላሱ ትይዩ አንድ ረጅም ብሎን አለ። እሱን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ቁልፉን አስገብቶ ጥቂት ዞር ሲያደርጉት ይወጣል። ወደ ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱ ከብሎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ለየብቻ ይለካል። ረዝሞ ከእጀታው ሳህን ወደ ውጭ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ፣ ሌባ በፒንሳ ይዞ ይሰብረዋል።

የባለ ድርብ መስታወቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል። ድርብ ሲሆን 20 ኪሎ። ሸክሙ እጥፍ ነውና ማጠፊያው ቶሎ ይወርዳል። ጥገናው ማጠፊያው ላይ ባሉት ማስተካከያ ብሎኖች ነው፤ ጥቂት በጥቂት እየዞሩ መስኮቱን ወደ ቦታው ይመልሱታል። መስታወቱ ጠርዝ ላይ ግን ብሎን አይመታም። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም ከታየ የታሸገው አየር አምልጧልና የጠጋኝ ካቻቢቴ አይመልሰውም፤ መስታወቱ መቀየር አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ እናስጠነቅቅ። ለአጨዳ ወይም ለገበያ ስትወጡ ልጆችን ውስጥ አድርጋችሁ ከውጭ በጓጉንቸር አትቆልፉ። ለምን እንደምታደርጉት እናውቃለን፤ እኛም አድርገነዋል። እሳት ቢነሳ ግን ያ ጓጉንቸር የሚጠብቀው ሌባውን ሳይሆን ልጆቹን ነው። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ እንገጥምላችኋለን። ልጆቹንም ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን እንጠብቅ።

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንለፍ።

ሥራ በጀመርንበት ዓመት፣ የሰሊጡ ወቅት አልቆ ሰው ብር በሚይዝበት ሰሞን፣ አንድ ሰው መጣ። «ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው፤ ባለቤቴ ለልቅሶ ጎንደር ሄዳለች፤ ልጆቹ ደጅ ሊያድሩብኝ ነው» አለን። የምናውቀው ሰው ነው፤ ቤቱም ቤቱ ነው። ከእኛ ሁለቱ ዕቃ ይዘው ተነሡ። ዐረብ አገር የነበረችው እህታችን ብቻ «ቆይ፣ እሷ ትምጣ» አለች። «የሰውየው ቤት አይደል እንዴ! ልጆቹ ይደሩ እንዴ ደጅ?» አልናት። ሄደን ጓጉንቸሩን ከፈትን። ደስ ብሎን ተመለስን፤ የመጀመሪያው የአስቸኳይ ሥራችን ነበር።

ሴትዮዋ ጎንደር አልሄደችም። ወፍጮ ቤት ነበረች። በሩን የቆለፈችው ለልጆቹ ትምህርትና ለቀጣዩ ዘር ብላ ያስቀመጠችው ሰሊጥ እንዳይሸጥባት ነበር። ማታ ስትመለስ ሰሊጡ የለም። የማኅበራችን አባል ነበረች።

በማግስቱ መጣች። አልጮኸችም። «ጓጉንቸሩን የገዛሁት ከዚሁ ማኅበር በተበደርሁት ብር ነው» አለችን። «ሌባ ሰብሮት ቢሆን ለፖሊስ አመለክት ነበር። እናንተን ወዴት ልክሰስ?»

መልስ አልነበረንም። ሰውየውም ቤቱ ነው፤ ትዳር የጋራ ነው፤ ይህን ተናግረን ራሳችንን ልናጸድቅ ሞከርን። እሷም «የጋራ መሆኑን መች ካድሁ? የጋራ ከሆነ እኔም ልጠየቅ ነበር» አለች። ልክ ነበረች። እኛ ያየነው የተዘጋ በር ነው፤ ለምን ተዘጋ ብለን አልጠየቅንም።

ያን ቀን ዐረብ አገር የነበረችው እህታችን የተናገረችውን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ የሌለኝ ቤት ውስጥ ኖሬአለሁ። ሲከፍቱልኝ እወጣለሁ፣ ሲዘጉብኝ እቀመጣለሁ። ቁልፍ ብረት እንዳይመስላችሁ» አለች። ብዙም ተናጋሪ አይደለችም፤ ይህንኑ ብላ ዕቃዋን መጠራረግ ጀመረች።

ሰሊጡን መመለስ አልቻልንም። ቁልፉን በነፃ ቀየርንላት፤ ብድሯን የሚከፈልበት ጊዜ እንዲራዘምላት ለማኅበሩ አመለከትን። ለወራት ቁጠባዋን በልጇ እጅ ትልክ ነበር። አሁን ራሷ ትመጣለች፤ ከእኛ አጠገብ ግን አትቀመጥም። ስሟን ሳንጠራ ይህን እንድንናገር የፈቀደችልን እሷው ናት። «ሌላዋ ላይ እንዳይደርስ» ብላ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ከዚያ ወዲህ የምንሠራበትን ሥርዓት አወጣን። ሁላችሁም ስሙት፤ ብንተላለፈው ጠይቁን።

የተዘጋ ቤት ለአንድ ሰው ቃል ብቻ አንከፍትም። በቤቱ የሚኖሩት አዋቂዎች ሁሉ መስማማታቸውን በአካል ወይም በስልክ እንሰማለን፤ ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ ቆመው ያያሉ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ አከራይና ተከራይ የተጣሉበት በር ከሆነ ዕቃችንን አናወጣም። መንገዱ በሽማግሌ፣ በቀበሌ ወይም በፍርድ ቤት ነው። አዲስ ቁልፍ ስንገጥም የመጡትን ቁልፎች በሙሉ በባለቤቶቹ ፊት ቆጥረን እናስረክባለን፤ አንድም በእጃችን አይቀርም። ብቻዋን ሰው ቤት የምትሄድ የለችም፤ ሁለት ሆነን ነው። የሠራነውን ቀኑንና ቤቱን ጠቅሰን በመዝገብ እንጽፋለን።

በዚህ ሥርዓት የተነሣ ሥራ አጥተናል። «እናንተ ዳኛ ናችሁ እንዴ?» ብለው የሄዱ አሉ። ሌላ ቦታ ከፍተው ይሆናል። ግን ደግሞ በዚህ ሥርዓት የተነሣ የጠሩን አሉ። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሰው ተሻግሮ መጥቷል። ከእነዚያ መካከል በከተማችን አንዲት ክፍል የተከራየች፣ ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ነበረች። ከዚያች ክፍል በፊት የኖሩት ተከራዮች ቁልፉን ይዘው ሄደዋል። ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። ቁልፍ ቤቱን በአከራይዋ ፊት ቀየርንና ቁልፎቹን በመዳፏ ቆጠርንላት። ቋንቋችን ብዙም አልተግባባም፤ አንዱን ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

አጋሮቻችን ሆይ፣ ካቻቢቴውን፣ ሞረዱን፣ መሰርሰሪያውንና የመማሪያ በሩን የገዛነው በድጋፋችሁ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በመዝገብ አለ፤ ከስብሰባው በኋላ መጥታችሁ እዩ። አሁን የሚጎድለን የተለያየ ርዝመት ያለው የቁልፍ ቤት አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጫ ገንዘብ ነው። አንዲት እናት በሯ ተሰብሮ ስትጠራን ዕቃው ከጎንደር እስኪመጣ በሩን በገመድ አስራ ታድራለች። ያችን አንድ ሌሊት ነው ልናሳጥር የምንፈልገው።

እናንተ እህቶቻችን ደግሞ ዛሬ ማታ ስትገቡ በራችሁን ከፍታችሁ ቁልፉን አዙሩት። እጀታው ላይ የተንጠለጠለውን አውርዱ። ለእናንተ የማይመለስ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አስቡ። እኛ ስንጠራ ሁለት ሆነን እንመጣለን፤ ከመክፈታችን በፊትም እንጠይቃለን። ጥያቄያችን እንዳያስቀይማችሁ።