የአንድ ንክኪ ዋጋ፦ በጥቂቱ የሚመረቱ የእጅ ኮምፒውተሮችና የአሶሳ ገዢ

(በአሶሳ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ታርሟል።)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት በአንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌቷን በፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ስታስቀምጥ አየሁ። መሣሪያው ይበራል፤ የቀበሌው ቤተሰቦች መዝገብም በውስጡ አለ። ነገር ግን ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ስለ ተሰነጠቀ አንድ ሦስተኛው ጣት አይሰማም። መረጃ የሚሞላበት ሳጥን ያለው ደግሞ በዚያው በማይሰማው በኩል ነው። «አነብበታለሁ እንጂ አልጽፍበትም» አለችኝ። ከተማ ወስደን ለጠጋኝ ስናሳየው፣ ብርጭቆው ከሥሩ ካለው ማሳያ ጋር ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ ለብቻው እንደማይቀየር፣ ሁለቱም በአንድነት ከአዲስ አበባ መታዘዝ እንዳለባቸው ነገረን። የጠራልን ዋጋ መሣሪያው ሲገዛ ከተከፈለበት ገንዘብ ከግማሽ በላይ ነበር። እርስዋም ወደ ወረቀት መዝገብዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድን መሣሪያ በጣት የሚታዘዝ ለማድረግ ከገዢው ሊጠየቅ የሚገባው ፍትሐዊ ዋጋ ስንት ነው? ስለ ስልክ እየተናገርሁ አይደለም። ስለ ስልክ ቢሆን ኖሮ መልሱ አጭር ነበር። ስልኮች በመቶ ሚሊዮኖች ስለሚመረቱ የንክኪው ዋጋ በመካከላቸው ተበታትኖ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እኔ የምለው በጥቂት ሺዎች ስለሚታዘዙት መሣሪያዎች ነው፤ ለተማሪ የተሠራች ትንሽ ላፕቶፕ፣ ለመስክ ሠራተኛ የተዘጋጀ ጠንካራ ታብሌት፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ የእጅ ኮምፒውተር። የእኛ ክልል የሚፈልገው ባብዛኛው እነዚህን ነው፤ የዋጋቸው አወጣጥ ግን ከስልኩ ፈጽሞ ይለያል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የወሰድኋቸው ናቸው። አንድ አምራች በመሣሪያው ላይ ንክኪ ለመጨመር ለምሕንድስና፣ ለቅርጽ ማውጫና ለሙከራ 200,000 ዶላር ያወጣል እንበል። የብርጭቆውና የመቆጣጠሪያው ዋጋ ደግሞ ለእያንዳንዱ መሣሪያ 10 ዶላር ይሁን። አንድ ሚሊዮን መሣሪያ ከሸጠ የዝግጅቱ ወጪ በእያንዳንዱ ላይ 20 ሳንቲም ብቻ ይጨምራል፤ ንክኪው በ10 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያልቃል። 5,000 ብቻ ከሸጠ ግን የዝግጅቱ ድርሻ 40 ዶላር ይሆንና ንክኪው 50 ዶላር ይወጣበታል። ስለዚህ በጥቂቱ የሚመረት መሣሪያ ላይ 50 ዶላር ስንጠየቅ ሁልጊዜ ተዘረፍን ማለት አይደለም። ይህን በቅድሚያ መናገር ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ቅሬታችን ከሒሳቡ ይቀድማልና።

5,000 የሚለውን ቁጥር የመረጥሁት በምክንያት ነው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት የሠራቸው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለሙከራ ወደ አገራችን ሲገቡ ብዛታቸው በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ 100 ዶላር ይሆናል ብለው ያስታወቁት ላፕቶፕ ወደ ምርት ሲገባ 188 ዶላር ያህል ደረሰ፤ አንዱ ምክንያት አሁን የተናገርሁት ነው፤ የታሰበው ብዛት አልታዘዘም። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ በጣት የሚታዘዝ ስክሪን አልነበረውም። የመዳሰሻ ሰሌዳው ጠቋሚውን ከቦታ ቦታ ያዘልል ስለነበር በየአገሩ ቅሬታ አስነሥቷል። በሌላ በኩል ማሳያው በጠራራ ፀሐይ የሚነበብ ነበር፤ ይህም ለኩርሙክና ለጉባ ቆላ ከማንኛውም ጌጥ የሚበልጥ ችሎታ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ድርጅቱ ይኸው ላፕቶፕ በአራተኛው ትውልዱ ከንክኪ ጋር መምጣቱን አስታወቀ። የንክኪው ዓይነት በእኛ ኪስ ካለው ስልክ የተለየ ነበር፤ በስክሪኑ ጠርዝ ዙሪያ የማይታይ ቀይ ብርሃን የሚረጩ ትናንሽ አምፖሎች ተደርድረው ጣት የት እንዳረፈ የሚያውቁት የተጋረደውን ጨረር በማየት ነው። በማሳያው ላይ ሌላ ብርጭቆ አይደረብም፤ ስለዚህ በፀሐይ የመነበብ ችሎታው አይቀንስም። ጣትም፣ ጓንትም፣ እንጨትም ይሰማል። ስልኮቻችን የሚጠቀሙበት ግን በሰውነታችን የኤሌክትሪክ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቆዳው የደነደነና የደረቀ ጣት ሲያርፍበት ምልክቱ ይደክማል፣ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ደግሞ ያልተነካውን ተነካ ይላል። ሦስተኛውና ቀደምት የሆነው ዓይነት ሁለት ስስ ንጣፎች ተጫን ሲባሉ የሚገናኙበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጥፍርም እርሳስም ይሰማል፣ ነገር ግን ማሳያውን ያደበዝዛል፣ ቶሎም ይፋጫል።

ይህን ማብራራቴ ለምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ አይደለም። በመተከል ሲቆፍር የኖረ ገበሬ፣ ወንዝ ዳር አሸዋ ሲያጥብ የኖረ የባህላዊ ወርቅ አምራች ጣቱን በስክሪን ላይ አድርጎ መሣሪያው ሳይሰማው ሲቀር፣ ዙሪያውን ያለው ሰው «አላወቀበትም» ይላል። ያላወቀበት መሣሪያው ነው። «ንክኪ» የሚባል አንድ ሸቀጥ የለም፤ ለማን ጣት፣ በየትኛው አየር የሚል ጥያቄ አብሮት ካልቀረበ ዋጋውን ውድ ወይም ርካሽ ማለት አይቻልም።

አሁን ሻጩ ዋጋ ስለሚያወጣበት መንገድ ጥቂት ልበል። በገበያ የምናየው የንክኪ ዋጋ ብዙ ጊዜ የንክኪው ዋጋ አይደለም። አምራቹ ንክኪ ያለውን መሣሪያ ከተሻለ አንጎለ ኮምፒውተርና ከሰፋ ማኅደር ጋር አሥሮ ያቀርባል፤ ንክኪውን ብቻ የፈለገ ሰው ያልፈለገውንም አብሮ ይገዛል። ፈረንሳዊው መሐንዲስና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዡል ዱፒዊ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1849 በባቡር ተሳፋሪዎች ላይ አስተውሎታል። ኩባንያዎች የሦስተኛ ማዕረግ ሠረገላዎችን ያለ ጣራ የሚተዉት የጣራው ወጪ ከብዷቸው ሳይሆን፣ ለሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት መሆኑን ጽፏል። ድሃው ዝናብ የሚመታው በእርሱ ተጠልቶ አይደለም፤ ሌላውን ለማስከፈል ነው። ንክኪ የሌለውን ርካሽ ሞዴል ባየሁ ቁጥር ይህ ጣራ ትዝ ይለኛል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ሕንድ አሳይታለች። «አካሽ» የተባለው ለተማሪዎች የታሰበ ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የተጫን ዓይነት ስክሪን ነበረው፤ ተጠቃሚዎችም አማረሩበት። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሁለተኛው አካሽ ዛሬ በስልኮቻችን ያለውን የንክኪ ዓይነት ይዞ ሲመጣ መንግሥት የከፈለበት ዋጋ 2,263 ሩፒ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ያህል ማለት ነው። ለተማሪው ግማሹ ተደጉሞለት በ1,130 ሩፒ ቀረበለት። ፕሮጀክቱ ሌላ ብዙ ችግር ገጥሞታል፤ አቅርቦቱ ዘገየ፣ ጥራቱም አከራከረ። ለእኛ ነገር ግን አንድ ማስረጃ ይተውልናል፤ አንድ ትልቅ ገዢ የሚፈልገውን ለይቶ ሲጠይቅ የንክኪው ጥራት ዋጋው እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ሊሻሻል ይችላል።

የአገራችንን ሁኔታ ስናይ ትልቅ ገዢ አልጠፋንም። ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። በጤናው ዘርፍ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በየጤና ኬላው ታብሌት አስገብቷል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ለአምራች መናገር የሚችል አቅም ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለብቻው፣ ክልሎችም ለብቻቸው ስንገዛ፣ ሚሊዮኑ ተቆራርሶ አምስት ሺህ ይሆናል፤ የዝግጅቱም ወጪ በእኛ ላይ ይወድቃል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የንክኪን ጥቅም ስንገምት ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነውና። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የገጠማቸው ዋና ችግር ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር። በንክኪ ስክሪን ላይ ግን ቁልፉ ሥዕል ነው፤ «ለ»ን ሲነኩት ቤተሰቦቹ ከነሆሄያቸው ይዘረጋሉ። የዚህ ክልል ልጅ በአማርኛም፣ በበርታም፣ በጉሙዝም፣ በሺናሻም ሊጽፍ ቢፈልግ የተለየ ኪቦርድ ማሳተም አያስፈልገውም። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ንክኪ ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ኪቦርዱ አስቀድሞ ለእርሱ ተሠርቷል። ለእኛ ግን ንክኪው ራሱ ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ሻጭ እንደ ቅንጦት ሲያስከፍለን የምንከፍለው ለጽሕፈት መሣሪያ ነው።

ይሁን እንጂ የአሶሳ ገዢ ፍትሕ የሚጎድልበት ትልቁ ቦታ በግዢው ዕለት አይደለም፤ ብርጭቆው በተሰበረ ዕለት ነው። እንደገና በምሳሌ እናስላ። ሁለት መሣሪያዎች ቀረቡልን። አንደኛው ለንክኪው 50 ዶላር ያስከፍላል፤ ብርጭቆው ለብቻው ተፈትቶ በ15 ዶላር ይቀየራል። ሁለተኛው ለንክኪው 30 ዶላር ብቻ ይጠይቃል፤ ብርጭቆው ከማሳያው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሲሰበር 90 ዶላር ይፈልጋል። በጨረታ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛው በ20 ዶላር ይረክሳልና ያሸንፋል። በጥገና የሚያስቀንሰው ልዩነት ግን 75 ዶላር ነው፤ 20ን ለ75 ስናካፍል 0.27 ያህል እናገኛለን። ይህም ማለት ከ100 መሣሪያዎች 27ቱ በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ከተሰበሩ፣ ርካሽ ያልነው መሣሪያ ውድ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ መንገዱን አልጨመርሁም። አዲስ አበባ ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመርካቶ ወይም በቦሌ የተሰበረ ስክሪን በዚያው ቀን ሊጠገን ይችላል፤ እዚህ የተሰበረው ላኪ ሰው፣ ተቀባይ ሰውና ሳምንታት ይፈልጋል። ምንዛሬውንም አልጨመርሁም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በቀድሞው ምንዛሬ 90 ዶላር ብሎ በጀት የያዘ ሰው 5,130 ብር አስቦ ነበር፤ ያንኑ ብርጭቆ ዛሬ ሊቀይር ቢሄድ በጀቱ ግማሹን እንኳ አይሸፍንለትም። ተጨማሪ እሴት ታክሱም በመቶኛ ስለሚታሰብ አብሮ ያድጋል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ባለፈው በመምህራን ክፍል ተነሥቶብኛልና። «ይህ ሁሉ ለምን? ርካሽ ስልክ ገዝቶ መስጠት አይበቃምን?» የሚል ነው። ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ በዚህ አልከራከርም። ስም መዝግቦ መልእክት ለሚልክ ሰው ልዩ ታብሌት መግዛት ብክነት ነው። ነገር ግን የቤተሰብን ሙሉ መዝገብ በስድስት ኢንች ስክሪን በጠራራ ፀሐይ የሚሞላ ሰው በቀን ስንት ስሕተት እንደሚሠራ ያየ ሰው ጥያቄውን በዚህ አይዘጋውም።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ አዲሱ የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ክልሎችም ደንቦቻቸውን ማስተካከላቸው አይቀርም። በዚህ ወቅት በክልላችን የጨረታ ሰነድ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ትልቁ ጉድለት ይቃለላል። ተጫራቹ የንክኪውን ዋጋ ከሌላው ለይቶ ይጻፍ። ብርጭቆው ለብቻው ይቀየር እንደሆነና የመለዋወጫው ዋጋ ለአራት ዓመት ስንት እንደሚሆን በብር ይግለጽ። ከመቶው መሣሪያ ጋር የተወሰነ ብርጭቆ አሶሳ ውስጥ እንዲቀመጥ ያድርግ። የመጨረሻው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ በከተማችን በሞባይል ጥገና ቤት የሚሠሩት ወጣቶች «ተች» መቀየር ከማንም አያንሱም። የጎደላቸው ዕቃው ነው።

በሒሳቤ ውስጥ ያለው 27 ከመቶ የሚለው ወሰን የሚረባው የመሰበሩ መጠን በእውነት ሲቆጠር ነው። ስለዚህ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በዚህ ወሰነ ትምህርት በአሶሳ ዙሪያ ባሉ ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች እየዞሩ፣ በመሳቢያ የተቀመጡትን ጨምሮ፣ ስንቱ መሣሪያ እንደሚሠራና ስንቱ በብርጭቆው ብቻ እንደቆመ ይመዘግባሉ። ቅጹ በወረቀት ነው፤ በመጪው ሰኞ ከክፍሉ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ትችላላችሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።