በቢስክሌት ወደ ሽሮ ሜዳ
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሓፊ ስለ ቅዳሜ ቡድናችን እንድናገር ሲጠይቀኝ፤ ስለ ቢስክሌት ብዙ፤ ስለ ምግብ ጥቂት እንድል አስቦ ይመስለኛል። እኔ ግን መጠኑን ልገለብጠው ነው። ቢስክሌት ሁለት ጎማ፤ አንድ ሰንሰለትና የሚለፋ እግር ነው፤ ሌላው ዝርዝር ለጠጋኙ ይቆይ። ለክብሯ ያህል ግን አንድ ነገር ላንሣ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፤ ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌት ነጂዎችም ተሰልፈው ነበር። እኛ እንግዲህ የነርሱ ወራሾች ነን፤ ልዩነቱ እነርሱ ለሜዳልያ ሲነዱ፤ እኛ ለምሳ መንዳታችን ነው።

መንገዳችን ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፤ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል አልፎ፤ ወደ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ነው። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ዳገቱ አይታወቀውም፤ የሚያውቀው ጉልበት ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋልና፤ ወደዚያ በቀረብን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፤ ረኃቡ እየወፈረ ይሄዳል። አቀማመጡ ግን ለኛ የተመቸ ነው፤ ርቦን እንወጣለን፤ ጠግበን እንወርዳለን።

ጥሩ ምግብ ያለበትን ቤት በምን ታውቃላችሁ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። በሰሌዳ አይደለም። መጀመሪያ በአፍንጫ ነው፤ በታክሲ መስኮት ተዘግቶ የሚያመልጠው የሽሮና የቡና ሽታ ቢስክሌት ላይ ለተቀመጠ ሰው በቀጥታ ይደርሰዋል። ቀጥሎ ደጁ ላይ ማን እንደ ቆመ እንመለከታለን። ተሸካሚው፤ የታክሲ ረዳቱና ዘበኛው አብረው የሚበሉበት ቤት ከሆነ ሳንጠራጠር እንገባለን፤ እነዚህ ሰዎች በላባቸው ያገኙትን ገንዘብ ለማይረባ ወጥ አይሰጡምና። በዚህ ዘዴ በሸክላ እየፈላ የሚቀርብ ተጋቢኖ አግኝተናል፤ በመንገድ ዳር በሚጥሚጣ የሚሸጥ ቅቅል ድንችም ዳገቱን አጋምሶ ለደከመ ሰው እንደ መድኃኒት ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ ግን ቆጮ ነው።

እንደሚታወቀው ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው። ለበዓል የምንለብሰው ነጠላና ቀሚስ ብዙው የሚገዛው ከዚያ ነው። ድርና ማጉን የሚያገናኙት ሸማኔዎች ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ፤ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ወይም የነርሱ ልጆች ናቸው። በመስቀል ጊዜ ብዙዎቹ ለበዓል ወደ አገራቸው ስለሚሄዱ የብዙ መወርወሪያ ድምፅ ጸጥ ይላል። የአገራቸው ምግብ ከእንሰት ነው። እንሰቱ ተፍቆ፤ ተጨምቆ፤ በቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ለሳምንታት አልፎም ለወራት ይቦካል፤ ከዚያ ተጋግሮ ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ቡላ ነው።

በኅዳር ወር አምስት ሆነን ከገበያው በስተ ጀርባ ካለች አንዲት ጠባብ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ ቆጮውን በምጣድ ጋግራ ከጎመንና ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ከመካከላችን ጾመኛውም ሙስሊሙም ሊበላው ይችላል። አንደኛው ጓደኛችን ግን አፍንጫውን ያዘና፤ «ይህማ የተበላሸ ነገር ነው፤ ሸተተኝ» አለ። ሴትየዋ ሰማች። ቀና ብላ አላየችንም፤ ምጣዱን ማሰስ ቀጠለች።

ከመካከላችን አንዱ የጋሞ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ስንበላ ስለ ቤቱ አንድ ቀን አንሥቶልን አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን፤ «ወንድሜ፤ የምትበላው እንጀራም ሦስት ቀን ቦክቶ ነው የሚጋገረው፤ እርሱ አይሸትህም። አንተን የሸተተህ ቆጮው ሳይሆን ቤቱ ነው። አባቴ ከዚህ ሦስት ቤት አልፎ፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ እየሸመነ ነው ያሳደገኝ» አለው። ቀጥሎም ለሴትየዋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገራት፤ እርሷም ሳቀች። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረንም። ታሪኩን እንድናገር ግን ሁለቱም ጓደኞቼ ፈቅደውልኛል።

እኔ የጋሞው ጓደኛችን ልክ ነው እላለሁ። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ይኸው ቆጮ ክትፎ ቤት ውስጥ ከክትፎና ከአይብ አጠገብ በትንንሹ ተቆርጦ ሲቀርብ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ጨምሩልን እንላለን። ያው እንሰት፤ ያው ቡኮ ነው። የተለወጠው ወንበሩና አብሮን የተቀመጠው ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ፊት ማኮማተርን የሚከለክል አዋጅ ግን ማን ያወጣል? ሸማኔው የሠራውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ሙሽራ እናጅባለን፤ ምሳውን ግን አናውቀውም። የነጠላውን ዋጋ ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች ለዚህ ሩብ ሰዓት አጥተን ነውን?

እዚህ ላይ የእርሻ ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቼ ይደግፉኛል። እንሰት ድርቅ የሚችል፤ በትንሽ መሬት ብዙ ሰው የሚያበላ ተክል ነው፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእርሱ እንደሚኖር ይነገራል። ስለዚህ ቆጮን የጥቂቶች ምግብ ማለት የአገርን ካርታ አለማየት ነው።

አፍንጫውን የያዘው ጓደኛችን በላ ወይስ አልበላም ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት በላ፤ ዳጣው አስነጠሰው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ከኛ ጋር አልወጣም። በሦስተኛው መጣ። ለሴትየዋ እጅ ነሥቶ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ስለ ሽታው ማንም አላነሣም።

የሚመጣው ቅዳሜ ጉዟችን በ4 ሰዓት ከዋናው በር ይነሣል። ቢስክሌት የሌለው ከጠጋኙ ዘንድ በሰዓት መከራየት ይችላል። ሂሳቡ እኩል ይከፈላል፤ በሴትየዋ ዋጋ ላይ ክርክር የለም። ፍሬኑን ያላስፈተሸ ሰው ከሽሮ ሜዳ በእግሩ እየገፋ ይወርዳል።