የመርማሪ አማና

 

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም. በኤርትራ መንግሥት ላይ ማዕቀብ ጣለ። ምክንያቱ በሶማሊያ የታጠቁ ቡድኖችን ይረዳል መባሉና ከጅቡቲ ጋር የተፈጠረው የድንበር ግጭት ነበር። ማዕቀቡን የሚከታተለው ቡድን የመሣሪያና የገንዘብ ዱካ ሲፈልግ፣ በውጭ የሚኖሩ ኤርትራውያን የሚከፍሉት የ2 በመቶ ግብር ሳይቀር ተመረመረ። ውሎ አድሮ ቡድኑ ለአልሸባብ ይሰጣል ስለተባለው ድጋፍ አሳማኝ ማስረጃ አለማግኘቱን ጻፈ፤ ለሌሎች የታጠቁ ቡድኖች ይደረጋል ያለውን እርዳታ ግን መዘገቡን አልተወም። ማዕቀቡ የተነሳው ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

ወገኖቻችን! የመርማሪ አማና ይኸው ነው፤ ያገኘውን አለመደበቅ፣ ያላገኘውንም አለመፍጠር። ፈራጅ የሚፈርደው በምስክሩ ቃል ነውና።