የፖም ሽትሩደል በፊሎ ሊጥ

(በወርኃዊ የአባላት ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ስለ ሽትሩደል ተናገሪ ስባል ደንግጬ ነበር። ለምን እንደደነገጥኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ቪየና እየኖረች አፕፈልሽትሩደል ያልቀመሰች ያለች አይመስለኝም። በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1696 በእጅ የተጻፈ የሽትሩደል አሠራር ይገኛል። ቃሉ በጀርመንኛ የውኃ አዙሪት ማለት ነው። የቪየና ባለሙያዎች ሊጡን ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ እየሳቡ፣ ከሥሩ ያለ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ያሳሱታል። ለእኛ ግን ከሱቅ የሚገዛው ፊሎ ይበቃናል።

ፊሎው ከፍሪዘር ወጥቶ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በረዶው ሳይለቅ ከተዘረጋ ይሰባበራል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑት፤ አለዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል።

ለአንድ ሽትሩደል 6 ቅጠል ፊሎ፣ 4 ትልልቅ ኮምጠጥ ያሉ ፖሞች፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ያስፈልጋል። በዘይት የተቆላ አንድ እፍኝ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪም አዘጋጁ፤ የፖሙን ውኃ የሚመጠው እሱ ነው።

ደህናውን ቅጠል መጀመሪያ ዘርጉት፤ ሲጠቀለል ውጭ የሚታየው እሱ ነው። የተቀደደ ካለ መሐል ይግባ፤ ማንም አያየውም። እያንዳንዱን ቅጠል ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ እየቀባችሁ ደራርቡ። ፍርፋሪውን በትኑ፣ በስስ የተከተፈውን ፖም ከስኳሩና ከሌላው ጋር ያን ጊዜ ቀላቅላችሁ ጨምሩ፣ ጫፎቹን አጥፋችሁ ጠቅልሉ። መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ በ190 ዲግሪ ለ35 ደቂቃ ያህል ይጋገር። ከመቁረጣችሁ በፊት 20 ደቂቃ ታገሡት።

በዘይት ከተሠራ የጾም ነው። የፊሎውንና የዳቦውን ማሸጊያ ግን አንብቡ፤ ወተት ወይም እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። በሁዳዴ ቡናችን ላይ ለጿሚዎቹ ከቆሎ ሌላ የምናቀርበው አገኘን ማለት ነው።

አሁን ወደ ድንጋጤዬ ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ለማኅበራችን ገቢ ማሰባሰቢያ 10 ሽትሩደል እጋግራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ፖሙን ማታውኑ ከስኳር ጋር ቀላቅዬ አሳደርኩት። ስኳር ውኃ ያወጣል፤ ጠዋት ፖሙ ይዋኝ ነበር። እንዲሁ ጠቀለልኩት፣ ሥሩ ገንፎ ሆነ። ሁሉንም ጥዬ የሱቅ ብስኩት ይዤ መጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ስትጠይቁኝ መልሴ «ጊዜ የለኝም» ነበር። ጊዜ ነበረኝ፤ ያጣሁት ድፍረት ነው።

ዘንድሮ ሦስት ወጣት እህቶቻችን ያንኑ መልስ ሲሰጡ ስሰማ ራሴን አየሁ። ማኅበር የገባነው ሲሳካልን ብቻ ለመተያየት አይደለም። ያን ቀን ለአንዳችሁ ብደውል ኖሮ፣ «ፖሙን ጨምቀሽ ፍርፋሪ ጨምሪበት» የምትለኝ አላጣም ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ገቢ ማሰባሰቢያ ብቻችንን አንጋግር። ሁለት ሁለት ሆነን እንጋግር፤ የእኔ ወጥ ቤት ክፍት ነው። የተበላሸብሽም ነይና ንገሪን።