«የቤት ቁጥር፦ አዲስ» — አድራሻ የሌለውን ቤት ስለ መግዛት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ኮሚቴው በዛሬው ጉባኤ ላይ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ ርእሱን ለእኔ ነው የተወው። እኔም ሩቅ አልሄድኩም፤ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ድረስ የሚመጣውን ጉዳይ መረጥሁ። እንደምታውቁት ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ቀድሞ የሚበዛልኝ የውርስ፣ የቀለብና የደመወዝ ጉዳይ ነበር። አሁን አሁን ግን ከአፋምቦ ወጥተው ጅቡቲ፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ አልፎም አሜሪካ የገቡ ልጆቻችን «እማዬ፣ ሰመራ ላይ ቤት ግዢልኝ» እያሉ ይደውላሉ። እናት ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ትመጣለች። «እሺ፣ የሚገዛው ቤት አድራሻ ማን ይባላል?» ስላት፣ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው» ትለኛለች።

ለእኔና ለእሷ ይህ በቂ ነው፤ ሄደን እናገኘዋለን። ልጅቱ ገንዘብ የምትልክበት ባንክ ግን ሰማያዊ በር አያውቅም። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፖስታ ኮድ ሙሉ ይላል። እሷ በምትኖርበት በሳዑዲ አገር እያንዳንዱ ሕንፃ አራት አኃዝ ያለው የራሱ ቁጥር፣ አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ኮድና ሌላም ተጨማሪ ቁጥር አለው። ታዲያ ልጅቱ «የእኛስ ቁጥር ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እኛ ምን እንመልስ? «አዲስ» ነው የምንላት።

«የቤት ቁጥር» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት «አዲስ» ተብሎ የተጻፈበት መታወቂያ ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቤቱ ገና ቁጥር አልተሰጠውም ማለት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ፣ በግቢው የተተከለው ዛፍ ከጣራው በላይ ሆኖ፣ እዚያ የተወለደው ልጅ አግብቶ ወጥቶ፣ ቤቱ ዛሬም «አዲስ» ነው። ጎረቤቱም አዲስ፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም አዲስ። እንዲያው ሰፈሩ በሙሉ አንድ ስም ይዞ ይኖራል።

ነገሩ በማዘጋጃ ቤት ስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። የአፋር ቤት ዳቦይታ ነው፤ እናቶች ቅርንጫፍ ጎብጠው፣ የዘንባባ ሰሌን አልብሰው ይሠሩታል፤ ግጦሹ ሲያልቅ አፍርሰው በግመል ጭነው ይሄዳሉ። ከሰው ጋር በሚጓዝ ቤት ላይ ቁጥር ቢመታበት ምን ያደርጋል? ሰውን የሚያገኙት በጎሣውና በዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ማን የት እንደ ሰፈረ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ ተነጋግረው ይለያያሉ። ይህ አድራሻ የሚያውለው ለሚያውቅ ሰው ነው እንጂ ለባንክና ለፍርድ ቤት አይሆንም።

የከተማ ቤት ቁጥር ደግሞ በሰፊው የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ፣ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ነው። ያን ጊዜ ቤት የተቆጠረው መንገድ ተከትሎ አልነበረም። ቆጣሪው በሄደበት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው በመካከል ሲገባ ደግሞ ሥርዓቱ ይፈርሳል። በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ለሠፈር ክፋይ ነው፤ በአሮጌ ሰፈሮችም ቤቶቹ የሚቆጠሩት በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ሰውየው ቤት ሲፈልግ ይዞራል። ልዩነቱ እነርሱ መዝገቡን በሚገባ መያዛቸው ነው።

ሰመራን ደግሞ እናንተም ታውቋታላችሁ። በአስፋልቱ ዳር ባዶ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ የሄደው፣ ዩኒቨርሲቲውም በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእኛው ዕድሜ ነው። ቤቱ ከቁጥሩ ቀድሞ ሄደ።

አሁን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። በዐረብ አገር ሰው ቤት ሰባት ዓመት የሠራች ልጅ በአጎቷ በኩል ሁለት ክፍል ቤት ገዛች። ቤቱን በስልክ ቪዲዮ አይታዋለች፤ ከዋናው መንገድ ብዙም የማይርቅ፣ ለሱቅ የሚሆን ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈው «በሰመራ ከተማ የሚገኝ፣ የቤት ቁጥሩ አዲስ የሆነ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት» የሚል ብቻ ነው። ሻጩ ግን በዚያው ሰፈር ሌላም ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረው፤ ወደ ኋላ ገባ ያለ፣ መኪና የማይደርስበት። የእሱም ቁጥር አዲስ ነው! ገንዘቡ ካለቀ በኋላ «የሸጥሁት የኋላውን ነው» አለ። ውሉ ቢነበብ ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ከምስክሮቹ አንዱ ሾፌር ነውና ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ሌላው «ቤት መሸጡን አውቃለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላስታውስም» አለ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ልጅቱ የኋላውን ቤትና ጥቂት ገንዘብ ተቀብላ ታረቀች። የእርቁን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት የሰው ልብስ ያጠበችበት ገንዘብ «አዲስ» በምትባል አንዲት ቃል ተበላ።

እንግዲህ ቁጥር የሌለው ቤት አይገዛ አልልም። እንዲህ ካልን በሰመራም በአፋምቦም ቤት የሚገዛ አይኖርም። እኔ የምለው ቁጥሩ የጎደለውን ወረቀቱ ይሙላው ነው። በውሉ ላይ ቤቱ በምሥራቅ ከማን፣ በምዕራብ ከማን፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን በስም ይጻፍ። የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የይዞታ ማረጋገጫው ቁጥር፣ በማዘጋጃ ቤት ያለው የፋይሉ ቁጥር ይግባ፤ ፕላኑም ከውሉ ጋር ይያያዝ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ምዝገባው በደረሰበት ቦታ ይህ መለያ ከመንገድ ስም ይልቅ ይረባል። አዋሳኝ ሲጻፍም የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን። «በደቡብ የአዋሽ ወንዝ» የሚል ውል አይቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳስወጣው አይተናል፤ ወንዝ ጎረቤት አይሆንም። ደርጊ ሃራ የምንለው እሾሃም ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ አንድ የነበረው በሁለት ዓመት ጫካ ይሆናል።

ውሉን ቤት ውስጥ ተፈራርሞ ቡና ጠጥቶ መለያየት ደግሞ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። አንቀጽ 2878 ደግሞ ሽያጩ ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም ይላል። ይኸውም ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ቢሸጥ፣ አስቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማችኋል ማለት ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቤቱ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበት መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ «ሚስቴ ተስማምታለች» የሚል ቃል አትቀበሉ።

ሌላው ነገር መሬቱ አይሸጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት ነው። የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። በሊዝ የተያዘ የመኖሪያ ቦታ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ዘመኑ 99 ዓመት ስለሆነ ስንት ዓመት እንደ ቀረው፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳም ካለ ጠይቁ። ከከተማው ክልል ውጭ፣ የጎሣ ግጦሽ በሆነ ቦታ ላይ «በርካሽ ልስጥህ» የሚላችሁ ካለ፣ ያ ሰው የሚሸጠው የእሱ ያልሆነውን ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ውጭ ላሉት ልጆቻችን ደግሞ ትልቁ ነገር ውክልና ነው። ውክልናው ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ይመጣል። ልጅ አንድ ጠቅላላ ውክልና ልካ «ሁሉን አድርግልኝ» ብትል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት አያበቃም፤ ልዩ ውክልና ይጠየቃል። ይህ ለልጅቱ መከታ ነውና ልዩ ውክልናውን ያለ ምክንያት አትስጥ። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ በእሷ ስም ይመዝገብ። «ለጊዜው በአጎቴ ስም ይሁን፣ ስመጣ ይዞርልኛል» የሚባል ነገር አለ። እኛ የእድር ሰዎች ነን፤ ሰው እንደሚሞት ከማንም በላይ እናውቃለን። አጎት ሲሞት ድንኳኑ ሳይነሣ ወራሾች የአባታችን ቤት ይላሉ፤ እነርሱም ወረቀቱን ነው የሚያዩት፣ አይፈረድባቸውም። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ልጅ ቢሆን እንኳ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን ይዞ በስሙ ቤት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በሰው ስም ለመደበቅ ምክንያት የለም።

አንድ አሜሪካ ያለ ልጅ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎኝ ነበር። አለ እንጂ። እዚያም አዲስ የሚሠራ ሰፈር ላይ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራረመው በቦታው የሎት ቁጥር ነው፤ የመንገድ አድራሻውን ከተማው ወይም ካውንቲው በኋላ ይሰጣል። የባለቤትነት ሰነዱም ቤቱን የሚለየው በተመዘገበው ፕላን ላይ ባለው ሎትና ብሎክ ነው። አድራሻው ለፖስተኛና ለአምቡላንስ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታም እንዲሁ ነው፤ ነጥቡን ያዙት፣ ለልጆቻችሁም ላኩላቸው፣ ቤቱን ለማግኘት ይጠቅማል፤ የማን እንደሆነ ግን ካርታው አይመሰክርም።

ወደ እድራችን ልመለስ። መርዶ ሲመጣ ጡሩምባ ነፊያችን በእግሩ ሄዶ ነው የሚያገኘን፤ እሱ ሰፈሩን ያውቃል። ልጆች በገዙት ቤት ሰመራ የገቡ አባሎቻችን ግን በመዝገባችን ላይ «ሰመራ፣ አዲስ» ተብለው ነው ያሉት። እነርሱ ዘንድ ሐዘን ቢደርስ ድንኳን ጭነን የት እንወርዳለን? እኛ ዘንድ ቢደርስስ ማን ይነግራቸዋል? በዚህ በእኛ ሙቀት ቀብር የሚያድር አይደለም።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን በአባላት መዝገብ ላይ አራት ዓምድ ጨምረናል፤ የአራቱ አዋሳኞች ስም፣ የይዞታ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ቤቱን የሚያውቅ የአንድ ጎረቤት ስልክ፣ ውጭ ያለው የቤቱ ባለቤት ስምና ስልክ። መዝገቡ በጸሐፊያችን እጅ ነው። ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን፤ ወረቀታችሁን የያዛችሁ ዛሬውኑ ሙሉ፣ ያልያዛችሁ በሚቀጥለው ወር መዋጮ ስትከፍሉ ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶች እኔ ዘንድ ይምጡ፣ ለዚህ ገንዘብ አላስከፍልም።