ምግብ በሰለ የሚባለው መቼ ነው? በሮቤና በጎባ አካባቢ ለሚኖሩ እናቶች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከየቤታችሁ ምድጃ የማይርቅ ነው፤ ይኸውም ምግብ በሰለ የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው «ድስቱ ከተንተከተከ በቃ» ይላል። በባሌ ደጋ ላይ ግን ይህ አባባል ጥቂት መታረም ያስፈልገዋል።

ከባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ፣ ውሃውን የሚጫነውም ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ውሃው እዚያ ሙቀት ሳይደርስ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሮቤ 2,500፣ ጎባም 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላሉ፣ በእናንተ ድስት ውስጥ የሚፈላው ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሳነቴ ላይ ያለ እረኛ ሻዩን የሚያፈላው በ87 ዲግሪ ያህል ነው።

እንግዲህ ባቄላው አልበስል ሲል ጥፋቱ የባለቤቲቱ አይደለም። እሳት ማብዛትም አይረዳም፤ እንጨቱ ያልቃል፣ ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የሚረዳው ጊዜ ነው። ባቄላና አተርን ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ጧት ያንን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ፣ ድስቱን ከድናችሁ ቀቅሉ። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ በደንብ ካልበሰለ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ዘፍዝፋችሁ ካሳደራችሁ በኋላ ከ30 ደቂቃ የማያንስ እየተንተከተከ ይቀቀል፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ይቆይ። ፕሬሸር የሚባለው ድስት ያላት እናት እንፋሎቱ ታፍኖ ሙቀቱ ከፍ ስለሚልላት ቶሎ ትገላገላለች።

ከሁሉ ይልቅ የምለምናችሁ ስለ ወተት ነው። ወተቱ ከላሚቱ ጡት ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ላሚቱ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወይም ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ያለባት እንደ ሆነ፣ ለዓይን ወፍራና አምራ ሳለች እንኳ ተሐዋስያኑ በወተቷ ይወጣሉ። ብሩሴሎሲስ የያዘው ሰው እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያገኘዋል፤ ወባም ሊመስል ይችላል። እርጉዝ ሴትንም ያስወርዳል።

መልካሙ ነገር፣ እነዚህ ተሐዋስያን በ63 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ብቻ ቢቆዩ ይሞታሉ። ስለዚህ የደጋችን 91 ዲግሪ ለወተት ይበቃል፤ ከወተት ላይ የከፍታው ነገር አያሳስባችሁ። እያማሰላችሁ ገንፍሎ እስኪነሣ አፍሉት፣ በቃ። ጮጮውን በወይራ ማጠን ሽታውን ያሳምራል፣ ደግ ልማድም ነው፤ ማፍላትን ግን አይተካም።

«የፈላ ወተት እርጎ አይሆንም» የሚሉ እናቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወተቱን የሚያረጋው ተሐዋሲ አብሮ ይሞታልና። እንዲህ አድርጉ፦ የፈላው ወተት ለብ ሲል፣ ከፋብሪካ ታሽጎ ከሚሸጠው እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምራችሁ በንጹሕ ዕቃ ክደኑት። ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ እርጎ ጥቂት ጥቂት እያስቀራችሁ ለሚቀጥለው ታውሉታላችሁ።

ስለ ሥጋ ብዙ አልናገርም፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ምክር አይወድም። የኮሶ ዛፍ በዲንሾ ደን ውስጥ አለ፤ አያቶቻችን አበባውን ትል ለማስወጣት ጠጥተውታል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውን ይጎዳል። ዛሬ ከጤና ጣቢያ ኪኒን ይገኛል። ትሉ በበሬ ሥጋ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሥጋው ውስጡ ቀይነቱን እስኪለቅ ከበሰለ ይሞታል። ለብለብ ግን አይገድለውም። ወደ በሬው የሚመለሰውም ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ነውና፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈራችሁ ቆፍሩ።

ስለ እሳት ይህን ካልሁ፣ መብራት ገብቶላችሁ ማይክሮዌቭ የሚባለውን ሣጥን ለገዛችሁም ጥቂት ልጨምር። ይህ ሣጥን እሳት የለውም፤ በዓይን የማይታይ ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያንቀጠቀጠ ያሞቀዋል። ሞገዱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ስለማይዘልቅ የወጡ ዳር ሲፋጅ መካከሉ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ተሐዋስያኑም እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ በመካከል አቁማችሁ አማስሉት፤ ሲያበቃም 2 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ያደረ ገንፎ ወፍራም ስለ ሆነ፣ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ቆራርሳችሁ አሙቁት፣ መካከሉንም ቅመሱ። የብረት ሳህን አታስገቡ፤ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ይፈነዳል። የሕፃን ጡጦ ደግሞ በዚህ ሣጥን አይሙቅ፤ ጡጦው ለእጃችሁ ለብ ያለ ሲመስል በውስጡ ያለው ወተት የሕፃኑን አፍ ሊያቃጥል ይችላል። ሙቅ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት፤ ከዚያ ነቅንቃችሁ አንድ ጠብታ በእጃችሁ አንጓ ላይ ሞክሩ።