የክትባት ብርታትና አደጋ፤ ከቬኔዙዌላው የጋማ ከብት የአንጎል ብግነት የተገኘ ትምህርት



ቢምቢ ከምታስተላልፋቸው የጋማ ከብት የአንጎል በሽታዎች መካከል በአሜሪካ አህጉር ሦስቱ ስማቸው ጎልቶ ይጠራል፤ እነርሱም የምሥራቁ፣ የምዕራቡና የቬኔዙዌላው ናቸው። በሦስቱም ፈረሱን ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይደናበራል፤ ይንገዳገዳል፤ ብዙ ጊዜም ወድቆ ይሞታል። በምሥራቁና በምዕራቡ ዓይነት በታመመ ፈረስ ደም ውስጥ የሚገኘው ቫይረስ ጥቂት ስለሆነ ቢምቢ ከእርሱ ወስዳ ወደ ሌላው አታዛምትም፤ የቫይረሱ ዋና ማደሪያ ወፍ ነው። በቬኔዙዌላው ግን ቫይረሱ በፈረሱ ደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ፣ የጋማ ከብት የወረርሽኙ ማቀጣጠያ ይሆናል፤ በቢምቢም አማካይነት ሰው ይታመማል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ፈረስን መከተብ ሰውን መጠበቅ ነው።

ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ተለይቶ ከታወቀ በኋላ በፎርማሊን በተገደለ ቫይረስ የተሠራ ክትባት በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ላይ ዋለ። ነገር ግን ተገደለ የተባለው ሁሉ አልሞተም ነበርና፣ ከበሽታ እንዲጠበቅ የተወጋው ፈረስ ራሱ የበሽታው መነሻ ለመሆን በቃ። ይህን ጥርጣሬ ያጠናከረው በኋላ ዘመን የተካሄደው የቫይረሶቹ የዘር ቅንብር ጥናት ነው። እስከ 1973 ድረስ በተነሡት ወረርሽኞች የተገኙት ብዙዎቹ ቫይረሶች፣ ከዓመታት ብዛት መለወጥ ሲገባቸው፣ ለክትባት መሥሪያ ከዋሉት የቆዩ ዝርያዎች ጋር እጅግ ተቀራርበው ተገኙ።

እ.ኤ.አ. በ1969 በመካከለኛው አሜሪካ የተዛመተው ወረርሽኝ በሜክሲኮ አልፎ በ1971 ቴክሳስ ሲደርስ የመከላከያው መሣሪያ ሌላ ክትባት ሆነ። ይኸውም በ1943 በትሪኒዳድ ከአህያ የተገኘውን ቫይረስ በጊኒ ፒግ የልብ ሕዋስ 83 ጊዜ በማሳለፍ አዳክመው ያዘጋጁት ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ተከተቡ፤ ዝውውራቸው ታገደ፤ ከአውሮፕላን ፀረ ቢምቢ መድኃኒት ተረጨ፤ በሽታውም ከቴክሳስ ሳያልፍ ቆመ።

እንግዲህ በማዛመት የተጠረጠረውም፣ በማቆም የተመሰገነውም ክትባት ነው። የፈረሱ ባለቤት በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያምነው መርፌውን የጨበጠውን ሐኪም ነው፤ ሐኪሙም የሚያምነው የመርማሪውን ፊርማ ነው። ስለሆነም ማናቸውም የክትባት ምርት ደኅንነቱ ሳይረጋገጥ ከላቦራቶሪ በር እንዳይወጣ መጠበቅ ከሙያው ግዴታዎች ሁሉ የቀደመ ግዴታ ነው።